ስለ ዓሣ መንጠቆ አመራረጥና አስተሳሰር ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ ማስታወሻ

ጨርቁን በጣቱ ዳስሶ፣ ቡናውን በጥርሱ ሰብሮ፣ ቅቤውን አሽትቶ የሚገዛ የቡታጅራ ወይም የወልቂጤ ነጋዴ፣ የዓሣ መንጠቆ ሲገዛ ግን የሣጥኑን መልክ አይቶና ዋጋውን ጠይቆ ነገሩን ይጨርሳል። መንጠቆ ትንሽ ዕቃ ነው፤ በመደርደሪያውም ላይ ከመርፌ፣ ከክርና ከባትሪ ድንጋይ አጠገብ ይቀመጣል እንጂ የራሱ ስፍራ የለውም። ስለዚህ ገዢው ምን እንደሚያጠምድበት ሳይጠየቅ፣ ሻጩም ምን እንደ ሸጠ ሳያውቅ ብዙ ሣጥን ከሱቅ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው፣ መንጠቆ እንደ ምስማር በቍጥርና በዋጋ ብቻ የሚሸጥ ዕቃ አለመሆኑን፣ ይልቁንም የዓሣው አፍ፣ የማባበያው ዓይነትና የክሩ አስተሳሰር ታይቶ የሚመረጥ መሣሪያ መሆኑን ነው።

ነገሩን ያስተዋልሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡታጅራ በሚገኘው ሱቄ ለመሸጥ፣ መቶ መቶ ፍሬ የያዙ ዐሥር ሣጥን መንጠቆዎች ከአንድ ጅምላ ሻጭ ገዛሁ። የሻጩን ስም ማንሣት አስፈላጊ አይደለም፤ ዋጋው ከሌላው በግማሽ ያህል ያነሰ ስለ ነበረ እኔም ብዙ አልጠየቅሁም። በዝዋይ ሐይቅ የሚያጠምድ አንድ ወጣት ደንበኛዬ ሁለት ሣጥን ወሰደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና የክብሪት ቤት ከፍቶ ባንኮኒው ላይ ገለበጠው። በውስጡ የነበሩት መንጠቆዎች ጉብጠታቸው ተዘርግቶ ቀጥ ብለዋል። «ጋሼ፣ እኔ የጠየቅሁዎት መንጠቆ ነበር፤ የሸጡልኝ ግን መርፌ ነው» አለኝ።

አነጋገሩ ቢያስቀኝም ኪሳራው የሚያስቅ አልነበረም። ማታ ዘርግቶት ባደረው ረጅም ገመድ ላይ አምባዛው መንጠቆውን እየዋጠ፣ ከዚያም እየታገለ እየዘረጋው ሄዷል። ማባበያው ጠፍቷል፤ የጀልባው ኪራይ ተከፍሏል፤ የጠበቀው ገዢም ባዶ እጁን ተመልሷል። ገንዘቡን መለስሁለት። የቀሩትን ስምንት ሣጥኖች ይዤ ወደ ጅምላ ሻጩ ብሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልሁ። ለሌላ አጥማጅ እንዳልሸጣቸው ኅሊናዬ አልፈቀደም፤ መጋረጃ ለመስቀል ካልሆነም በቀር ለምንም አይረቡም ነበር። ያን ዕለት ግን ወጣቱን «ተቀመጥ፣ ልጄ፤ ጥሩ መንጠቆ የቱ እንደ ሆነ አንተው አስተምረኝ» አልሁት። ከዚህ በታች የምጽፈው እኩሌታው ከእርሱ፣ እኩሌታውም ከዚያ ወዲህ ከሌሎች አጥማጆችና ከመጻሕፍት የተማርሁት ነው።

ጉራጌ ባሕር የለውም፤ ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ወደ ምሥራቅ ጥቂት መንገድ ሲኬድ ይገኛል። የመቂ ወንዝ የሚነሣው ከጉራጌ ተራሮች ሲሆን ወርዶ የሚገባው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ነው። ከቡታጅራ እስከ ዝዋይ ከተማ፣ ማለት ዛሬ ባቱ እስከምትባለው ድረስ፣ መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሐይቁ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን አነስተኛ የሆነ ውሃ ነው። በደሴቶቹ ላይ ከጥንት ጀምሮ በዓሣ ማጥመድ የሚታወቁት ዛዮች የሚናገሩት ቋንቋ ከስልጤና ከወለኔ ቋንቋ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው፤ ስለዚህ ከእኛ ወገን የሆነ ሰው በሐይቁ ዳር ሲነገር ቢሰማ አንዳንዱ ቃል እንግዳ አይሆንበትም።

ወደ ወልቂጤ ስንመለስ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ በኩል ሐይቅ ሳይሆን ወንዝ ነው ያለው፤ ዋቤ በቅርብ፣ ግቤ ደግሞ በጅማ መንገድ ዝቅ ብሎ። በእነዚህ ውሃዎች ነጭ ዓሣ የሚባለውና አምባዛው ይያዛሉ። ወንዙ ድንጋያማና ወራጅ ስለ ሆነ መረብ ለመዘርጋት አያመችም፤ መንጠቆም የሚበላሸው ከዓሣው ይልቅ በድንጋዩ ነው። እንግዲህ የቡታጅራው ባለ ሱቅና የወልቂጤው ባለ ሱቅ አንድ ዓይነት ሣጥን ከአንድ መጋዘን ቢያመጡ ከሁለቱ አንደኛው ሳይሳሳት አይቀርም።

መንጠቆን ለማወቅ አስቀድሞ ክፍሎቹን ለይቶ መጥራት ይጠቅማል። ክሩ የሚታሰርበት ቀዳዳ ዓይን ይባላል። ከዓይኑ ወደ ታች የሚወርደውን ቀጥ ያለ ክፍል ግንድ፣ የሚታጠፈውን ክፍል ጉብጠት ብለን እንጥራው። በመጨረሻ ጫፉ አለ፤ ከጫፉም ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ የተቀለበሰ ትንሽ እሾህ አለ፤ የገባው እንዳይወጣ የሚከለክለው እርሱ ነው። በጫፉና በግንዱ መካከል ያለውን ስፋት አፍ እንለዋለን፤ ኋላ ስለ መለኪያ ስንናገር ይህ ቃል ያስፈልገናል። ዓይን የሌላቸው፣ የግንዳቸው ራስ እንደ አካፋ ጠፍጥፎ የተሠሩ መንጠቆዎችም አሉ፤ እነዚህ በሌላ አኳኋን ስለሚታሰሩ ማሰሩን ለማያውቅ ደንበኛ ባይሸጡ ይሻላል።

ከሣጥኑ አንድ ፍሬ አውጥቶ መፈተን ከባድ ሥራ አይደለም። ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርጎ መጎተት ነው፤ የተሳለው ጥፍሩን ቧጥጦ ይይዛል፤ ደነዙ ይንሸራተታል። ዓይኑን ወደ ብርሃን አቅርቦ ቀለበቱ በሚገባ መገጠሙን ማየት ያስፈልጋል፤ ክፍት የቀረ ቀለበት ክሩን እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ አጥማጁም ክሩ መጥፎ ነው ብሎ ሌላውን ዕቃ ይከስሳል። ዋናው ፈተና ግን የብረቱ ነው። ጫፉን በእንጨት ላይ ተክሎ ዓይኑን በፒንሳ ይዞ መሳብ ነው። ጥሩ መንጠቆ በትንሹ ተለጥጦ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። መንጠቆ ከተቀረጸ በኋላ በእሳት ግሎ ይነከራል፤ ቀጥሎም መጠነኛ ሙቀት ተሰጥቶት ይለዝባል። ይህ በሚገባ ያልተደረገለት እንደ ተራ ሽቦ ይዘረጋል፤ ከመጠን በላይ የጠነከረው ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ማረሻ የሚሠራ አንጥረኛ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እኛ ነጋድያን ግን ከአንጥረኛው መጠየቅን አላሰብነውም። የእኔ ዐሥር ሣጥኖች ከመጀመሪያው ወገን ነበሩ።

ስለ ቍጥሩ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መንጠቆ እንደ ጫማ አይደለም። ከ1 ወደ ላይ ቍጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል፤ ስለዚህ ቍጥር 10 ከቍጥር 6 ያነሰ ነው። ከ1 ወደ ሌላው ወገን ሲኬድ ደግሞ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባለ ይቆጠርና መንጠቆው እያደገ ይሄዳል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ «ትልቅ መንጠቆ» ለሚፈልግ ሰው ቍጥር 12 ሰጥቼ መልሶልኛል። ከዚህም የባሰው፣ በፋብሪካዎች ሁሉ ዘንድ የጸና አንድ መለኪያ አለመኖሩ ነው፤ የአንዱ ቍጥር 6 የሌላው ቍጥር 4 ሊያህል ይችላል። ስለዚህ በደብዳቤም ሆነ በስልክ መንጠቆ የሚያዝ ነጋዴ ከቍጥሩ ጋር የአፉን ስፋትና የግንዱን ርዝመት በሚሊ ሜትር ቢጽፍ፣ ከተቻለም ናሙና በካርቶን ላይ ወግቶ ቢልክ ከብዙ ክርክር ይድናል።

በሣጥን ላይ የሚጻፉ አንዳንድ ስሞችንም ማወቅ ደግ ነው። «ኪርቢ» የሚለው ቃል በ17ኛው ምእት ዓመት በለንደን መንጠቆ ይሠራ ከነበረ ሰው ስም የመጣ ነው፤ ዛሬ የሚያመለክተው ጫፉ ከግንዱ ትይዩ ወጣ ብሎ ወደ ጎን ያዘነበለ መንጠቆን ነው። እንዲህ ያለው በረጅም ገመድ ላይ ዓሣው ራሱ ውጦ ራሱን እንዲይዝ ያመቻል። በእንግሊዝ አገር የሬዲች ከተማ በመርፌና በመንጠቆ ሥራ፣ በኖርዌይም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1832 የተመሠረተው የሙስታድ ኩባንያ ለብዙ ዘመን ስማቸው ታውቋል። ስሙ የታወቀ ዕቃ አስመሳይ አያጣምና ሣጥኑን አይቶ ብቻ አለማመን ነው፤ የጥፍሩ ፈተና ለታወቀውም ላልታወቀውም እኩል ይሠራል።

አሁን ወደ ዓሣዎቹ እንምጣ። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ ምግቡም በአብዛኛው በውሃ ውስጥ የሚገኝ ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ስለ ሆነ መንጠቆ ብዙ ጊዜ አይነካም፤ በመረብ ነው የሚያዘው። በመንጠቆ እይዘዋለሁ የሚል ቢመጣ ቍጥር 8 ወይም 10፣ ሽቦው ቀጭን የሆነ፣ ማባበያውም ትል ወይም ሊጥ ይሁን። አምባዛ ግን ሰፊ አፍ ያለው፣ ሌሊት በጢሙ እየዳሰሰ የሚያድን ዓሣ ነው። ለእርሱ ከ1/0 እስከ 4/0 ያለ፣ ሽቦው ወፍራም፣ ግንዱ ጠንካራ የሆነ መንጠቆ ያስፈልጋል። አምባዛ ቅርፊት የሌለው በመሆኑ በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት ብዙዎች ናቸው፤ ዓሣውን የሚነግድ ሰው ገበያውን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። ለግቤና ለዋቤ ነጭ ዓሣ ደግሞ ከቍጥር 2 እስከ 6 ያለው ይበቃል፤ ጫፉ በድንጋይ ስለሚደንዝ ግን የወልቂጤ ባለ ሱቅ ከመንጠቆው ጎን ትንሽ ሞረድ ወይም የመሳያ ድንጋይ ቢያስቀምጥ ሁለቱም አብረው ይሸጡለታል።

የቀረው ካርፕ ነው፤ ስለ እርሱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ በዝዋይ በኩል ያሉ አጥማጆች ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት በእርሱ ነውና። ካርፕ ከውጭ አገር የመጣ ዓሣ ሲሆን ዛሬ በቆቃም በዝዋይም ይገኛል። በከንፈሩ ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ በጉሮሮው ውስጥ ነው፤ ጠንካራ እህል የሚፈጨው በዚያ ነው። አፉ እንደ ቱቦ ወደ ፊት ይመዘዛል፤ ያገኘውን ነገር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ያልተስማማው እንደ ሆነ ወዲያው መልሶ ይተፋዋል። በመንጠቆ የተወጋ በቆሎ በዚህ ዓሣ ፊት እንደ ሌላው በቆሎ አይንቀሳቀስም፤ ብረቱ ያከብደዋል። ካርፑም ስቦ ሞክሮ ይተፋዋል፤ አጥማጁ ክሩ ሲነቃነቅ አይቶ ሲጎትት ባዶ ነው። «ዓሣው ሰይጣን ነው» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ለዚህ መላ የተገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ ሌኒ ሚድልተንና ኬቪን ማዶክስ የተባሉ አጥማጆች ካርፕን በብርጭቆ ገንዳ ውስጥ እያዩ አጠኑ። ማባበያውን በመንጠቆው ላይ መውጋት ትተው ከመንጠቆው በታች በቀጭን ነገር አንጠለጠሉት፤ በመጀመሪያ የተጠቀሙበትም የሰው ጠጕር ስለ ነበር አስተሳሰሩ እስከ ዛሬ በጠጕር ስም ይጠራል። እኛም የጠጕር አስተሳሰር ብንለው ይስማማል። በቆሎው ነጻ ስለ ሆነ እንደ ሌላው በቆሎ ተንሳፍፎ ወደ ዓሣው አፍ ይገባል፤ መንጠቆውም ከኋላው ይከተላል። ዓሣው ሊተፋው ሲል በቆሎው ቀድሞ ይወጣል፤ መንጠቆው ግን በመውጣት ላይ ሳለ ዞሮ ጫፉ የታችኛውን ከንፈር ይይዛል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ ትክክለኛ መንጠቆ ይፈልጋል፤ ግንዱ ረጅም ያልሆነ፣ አፉ ሰፋ ያለ፣ ጫፉ እጅግ የተሳለ፣ ቍጥሩም ከ4 እስከ 8 የሆነ።

አሠራሩን እነሆ። ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ለስላሳ የተጎነጎነ ክር ይቆረጣል፤ ወፍራም ናይለን ግትር ስለ ሆነ ለዚህ አይስማማም። በአንደኛው ጫፍ ትንሽ ቀለበት ይቋጠራል። ሁለትና ሦስት ፍሬ በቆሎ ጫፉ በትንሹ በተቆለመመ ወፍራም መርፌ ይወጋል፤ ቀለበቱ በመርፌው ተይዞ በፍሬዎቹ መካከል ይሳባል፤ እንዳይወጣም በቀለበቱ ውስጥ አጭር የሣር አገዳ ይሸጎጣል። ከዚህ በኋላ የክሩ ሌላው ጫፍ በመንጠቆው ዓይን ከጀርባ በኩል፣ ማለት የመንጠቆው ጫፍ ከሚያይበት ተቃራኒ ጎን፣ ይገባል። በቆሎው ከጉብጠቱ በታች ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ክሩ ይስተካከላል፤ በቆሎውን የሚይዘው ክር ከግንዱ ጋር በጣት ተጨብጦ ይያዛል። ረጅሙ ክር ግንዱንና ያንን ክር አንድ ላይ ይዞ ከዓይኑ ጀምሮ ወደ ጉብጠቱ አቅጣጫ ሰባት ወይም ስምንት ጊዜ ይጠመጠማል፤ ጥምጥሙ እርስ በርሱ ሳይደራረብ ተጠጋግቶ ይቀመጥ። በመጨረሻ የክሩ ጫፍ እንደ ገና ከጀርባ በኩል በዓይኑ ይገባል፤ በምራቅ ወይም በውሃ ረጥቦ ቀስ ተብሎ ይጠብቃል። ለመፈተን የታሰረውን መንጠቆ በመዳፍ ላይ በክሩ መጎተት ነው፤ ዞሮ ጫፉ መዳፍ ለመያዝ ከሞከረ ሥራው ተሳክቷል፤ ተንጋሎ ከተንሸራተተ ግን የክሩ መግቢያ ተገላብጧል ማለት ነው። ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ከ60 እስከ 100 ግራም የሚመዝን እርሳስ ይታሰራል፤ ዓሣው ተደናግጦ ሲሮጥ የእርሳሱ ክብደት መንጠቆውን ጠልቆ እንዲገባ ያደርገዋል።

ማባበያው ከውጭ የሚመጣ ነገር አያስፈልገውም። በቆሎው አንድ ቀን ተዘፍዝፎ እስኪለሰልስ ይቀቀላል። ሽምብራም እንደዚሁ ይሆናል፤ የአውሮፓ አጥማጆችም በሽምብራ ያጠምዳሉ። ይህን ለወጣቱ ደንበኛዬ ብነግረው «ንፍሮ ነው እንግዲህ የሚፈልገው» አለኝ።

በሌሎች መንጠቆዎች ላይ የሚደረገው ቋጠሮ ከዚህ የቀለለ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። የጉራጌ ሰው በማሰር አይታማም፤ ቤቱን በቃጫ አስሮ የሚሠራ፣ ሸክሙን በቃጫ ገመድ የሚጭን ሕዝብ ነው። ቃጫ ሸካራ ስለ ሆነ ራሱን በራሱ ይነክሳል፤ ማንኛውም ቋጠሮ ይይዝበታል። ናይለን ግን ልሙጥ ነው፤ በቃጫ የተለመደው ቋጠሮ በእርሱ ላይ ተንሸራትቶ ይፈታል። ደረቁን በኃይል ቢስቡትም በመፋተጉ ግሎ ይደክማል፤ ቋጠሮው ያለበትም ስፍራ የክሩ ደካማ ቦታ ይሆናል። ስለዚህ ክሩ በዓይኑ ገብቶ በራሱ ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ይጠመዘዛል፤ ጫፉ ተመልሶ በዓይኑ አጠገብ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ይገባል፤ ረጥቦም ይጠብቃል። ዓይን ለሌለው መንጠቆ ደግሞ ክሩ በግንዱ ላይ ተጠምጥሞ በራሱ ሥር ይጠብቃል፤ ጠፍጣፋው ራስ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ይህን ሁሉ ባለ ሱቁ ማሰር ቢችል መልካም ነው፤ ባይችል ለሚችል ልጅ ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ ታስረው የተዘጋጁ መንጠቆዎችን መሸጥ ይችላል፤ ትርፉም ከባዶው መንጠቆ የተሻለ ይሆናል።

ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ያልደረሰውን ዓሣ ሳይቀር ይጠርጋል፤ መንጠቆ ግን በመጠኑ የሚይዘውን ይመርጣል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 የወጣው ይህ ሀብት እንዳይጠፋ ነው። ሕገ ወጥ መረብ የሚሸጥ ባለ ሱቅ የዛሬውን ትርፍ ሲያገኝ የነገ መንጠቆ ገዢውን ያጣል፤ ሐይቁ ዓሣ ካጣ ለማን ይሸጣል?

ለአስመጪዎች ጥቂት ልጨምር። የዓሣ መንጠቆ በዓለም አቀፉ የሸቀጦች መለያ ሥርዓት በ9507.20 ይመደባል፤ ዘንጉ 9507.10፣ የክር መጠምጠሚያው ማሽን 9507.30 ነው። መንጠቆን ከልዩ ልዩ ብረታ ብረት ጋር ደባልቆ ማስታወቅ በጉምሩክ ሰነድ ላይ ክርክር ያስነሣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ የዶላሩ ዋጋ በብር ሲታሰብ ከፍ ስላለ፣ የማይረባ መንጠቆ ማስመጣት ከፊተኛው ይልቅ ያስከስራል። ትእዛዙ ሲጻፍ የሽቦው ውፍረት፣ የአፉ ስፋት፣ የዓይኑ ዓይነት፣ የልባጡም ዓይነት ይገለጽ። ለሐይቅና ለወንዝ ውሃ የነሐስ መልክ ያለው ተራ ልባጥ ይበቃል፤ ለባሕር ጨው ተብሎ የሚሠራው ውድ ነው፤ ለእኛም ትርፍ ወጪ ነው። ከጭነቱ አስቀድሞ አንድ ሣጥን ናሙና ማስመጣትና በፒንሳው መፈተን የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው።

ጊዜውንም ማየት ይገባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት ትተን፣ በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ እንደሚደራ ግን ሁሉም ነጋዴ ያውቀዋል። አጥማጁ መሣሪያውን የሚያድሰው ከዚያ አስቀድሞ ስለ ሆነ፣ መንጠቆው ከጥምቀት በፊት በመደርደሪያ ላይ ሊገኝ ያስፈልጋል፤ ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ የደረሰ ሣጥን ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል።

ስለ አቀማመጡ፦ መንጠቆ እርጥበት አይወድም፤ በላብ እጅ የተነካካ ሣጥን በክረምት ይዝጋል። ከጨውና ከሳሙና አርቆ፣ ክዳኑ በሚገባ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ማኖር ነው። ናይለን ክርን ለማሳየት ሲሉ በመስኮት ወይም በበር ላይ የሚሰቅሉ ብዙ ሱቆች አይቻለሁ፤ ፀሐይ ናይለንን ያደክመዋል፤ ወራት የተሰቀለ ክር መልኩ ሳይለወጥ ጉልበቱ ይቀንሳል። ባዶውን መጠቅለያ መስቀልና ክሩን በጨለማ ማስቀመጥ ይቻላል።

እኔ አሁን በባንኮኒዬ ላይ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ አኑሬአለሁ። በእርስዋ ላይ ሦስት መንጠቆዎች ታስረው ተሰክተዋል፤ አንዱ ለአምባዛ በወፍራም ክር፣ አንዱ ለነጭ ዓሣ፣ አንዱ ደግሞ በጠጕር አስተሳሰር ሁለት ፍሬ በቆሎ ተንጠልጥሎበት። በቆሎውን የሱቁ አይጥ ሁለት ጊዜ ስለ በላብኝ በፕላስቲክ ፍሬ ለውጬዋለሁ። የሰሌዳውን ሦስት መንጠቆዎች ያሰራቸው ያ ወጣት ነው። እርሱ ያመጣቸውን የተዘረጉ መንጠቆዎች ግን አልጣልኋቸውም፤ በዚያው በክብሪት ቤታቸው በመሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፤ መንጠቆ ሊሸጥልኝ የሚመጣ ሁሉ ዋጋውን ከመናገሩ በፊት እነርሱን ያያል።